በረዶ ፍለጋ ከእማዬ ጋር

እማዬ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ላስ ቬጋስ የደረሰችው በሐምሌ ነው። ከአየር ማረፊያው ስንወጣ ሙቀቱ ፊቷን ሲገርፋት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እንጀራ ልጋግር ምጣድ ላይ የጎነበስኩ መሰለኝ» አለችኝ። ያን በጋ ከቤት የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

አሁን ጥር ነው። ከተማው ቀዝቀዝ ብሏል፣ ቀን ቀን ሹራብ ብቻ ይበቃል። ከአፓርታማችን ደረጃ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ግን የተራሮቹ ጫፍ ነጭ ሆኗል። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የተወለደውም እዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ክረምት ሥዕል ሳሉ ሲባሉ በረዶ ይስላል፤ በእጁ ነክቶት ግን አያውቅም። ለገና ምን ላምጣልህ ስለው «ወደዚያ ነጭ ተራራ ውሰጂኝ» አለኝ። ቃል ገባሁለት።

ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «ሰው ከበረዶ ይሸሻል እንጂ በረዶ ፍለጋ ይሄዳል?» አለች።

ልክ ናት። ያደግንበት አገር በረዶ ማለት ሌላ ነገር ነው። ነሐሴ ላይ ባቄላው አበባ ይዞ፣ ገብሱ ዘለላ አውጥቶ እያለ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደተደፋ ይንኳኳል። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። የዓመት ልፋት ግን በዚያች ሩብ ሰዓት መሬት ላይ ይተኛል። ልጅ ሆኜ አባቴ ከዚያ በኋላ ማሳው ጠርዝ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። እማዬ ያን ዓመት የምታስታውሰው በዓመተ ምሕረቱ አይደለም። «በረዶ የመታን ዓመት» ነው የምትለው።

የእኛ ቋንቋ የበረዶን ዓይነት አይለይም። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፣ እንደ ባዘቶ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። አመዳይ የሚባል ቃል አለን፤ እሱን ግን የምንሰማው ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ አልፎ አልፎ ነጭ ይጥላል፤ እማዬ ግን እዚያ ደርሳ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ በየማለዳው ዳዊቷን ስትደግም ሃምሳኛው መዝሙር ላይ «ከበረዶም ይልቅ ነጭ እሆናለሁ» ትላለች። ስንት ዓመት እንዳለችው እንጃ። ያንን ነጭ አንድ ቀን እንድታየው ፈለግሁ። ጉዞው ከልጄ ይልቅ የእሷ የሆነብኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። ዓርብ ተራራው ላይ በረዶ ወረደ፤ እኛ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ከተማው ሁሉ እንደኛ አስቦ ኖሯል። ከአውራ ጎዳናው ከታጠፍን በኋላ መኪናው ተሰልፎ መጨረሻው አይታይም። መቆሚያዎቹ ሞልተዋል፤ መንገድ ዳር ማቆም ደግሞ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነጩን ከሩቅ እያየን ዞረን ተመለስን። ልጄ እያለቀሰ እንቅልፍ ወሰደው። እማዬ ራሱን እየደባበሰች «አይዞህ፣ ተራራው የትም አይሄድም» አለችው። የዚያን ቀን በጣም አዘንኩ። የማታ ሥራ ገብቼም ልቤ እዚያው ነበር።

የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው ዘዴውን የነገሩኝ። በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ በረዶው ከወረደ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ መንገዱ ሲጠረግ ነው የሚኬደው። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ቀን የጎማ ሰንሰለት የሌለው መኪና አያልፍም። ነዳጅ ከተማ ውስጥ መሙላት፣ ደረቅ ካልሲ መያዝ። እኔ ሆቴል ውስጥ ማታ ነው የምሠራው፤ የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ሁሌ ሰው በሚያርፍበት ቀን ስለማላርፍ ይከፋኝ ነበር። ለዚህ ጉዞ ግን ማክሰኞ ተባረከች። ልጄን ከትምህርት ቤት አስፈቀድኩት።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። እማዬ ከአገር ቤት ያመጣችውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጭና፣ ቡና በፔርሙስ ይዛ፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ኋላ ተቀመጠች። ቤታችን በር ላይ 9 ዲግሪ ነበር። መንገዱ ቀላል ነው፤ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምዕራብ መሄድ ነው። መጀመሪያ ወደ ካይል ካንየን የሚወስደው 157 ይገኛል። እኛ እሱን አልፈን ወደ ሊ ካንየን በሚወስደው በ156 ታጠፍን። ከመሀል ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነሐሴ 2023 የሂላሪ ማዕበል ዝናብ ይህን ተራራ ሲመታው መንገዶቹን ጎርፍ በልቷቸው ነበር። ዛሬ የሚነዳባቸው ሰው ልብ አይለውም።

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የሊ ካንየን የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራ ደግሞ ወደ 2,600 ሜትር ይጠጋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 2,000 ሜትር መውጣት ማለት ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይቀንሳል። እማዬ ቁጥሩን አልነገርኳትም፣ ዛፎቹን እያየች ራሷ ገባት። መጀመሪያ የጆሹዋ ዛፍ ነው፤ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ፣ ቅጠሉ እሾህ። ከዚያ ጥድ የሚመስሉ አጫጭር ዛፎች መጡ። ቀጥሎ ረጃጅም ጥዶች። «ከቆላ ወደ ደጋ ወጣን ማለት ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ የጂኦግራፊ ትምህርት ለልጄ ማን ይሰጠዋል?

የአካባቢው ነባር ነዋሪ የሆነው የፓዩት ሕዝብ ይህን ተራራ ኑቫጋንቱ ይሉታል፤ በረዶ የሚቀመጥበት እንደማለት ነው። የተፈጠርነውም እዚህ ነው ብለው ያምናሉ፤ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ አሁንም መሬት አላቸው። ይህን ስነግራት እማዬ አንገቷን ነቀነቀች። ተራራ ቅዱስ መሆኑ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም።

ስንደርስ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ነበር። አምስት ስድስት መኪና ብቻ ቆሟል። ልጄ በሩን ከፍቶ ሮጠ፣ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፣ ጮኸ። ለእሱ ይህ በቃ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ በፕላስቲክ መንሸራተቻው ሲወጣና ሲወርድ ዋለ፤ ጉንጩ ቀልቶ፣ ጓንቱ ርሶ፣ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

እማዬ ቶሎ አልወረደችም። በሩን ከፍታ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በባዶ እጇ ዘገነችው። ጨበጥ፣ ለቀቅ አደረገችው።

«ድምፅ የለውም» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወሰደብኝ። እሷ የምታውቀው በረዶ እየጮኸ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ደግሞ ትንሽ ትንሽ መጣል ጀምሮ ነበር። ነጠላዋ ላይ ያርፋል፣ ጥዱ ላይ ያርፋል፤ ምንም አይሰማም። ቀና ብላ ፊቷን ሰጠችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዳዊቷን መሆኑን አወቅኩ። ዞር አልኩላት።

በኋላ ቡና እየጠጣን ልጄ ጠየቃት፦ «አያቴ፣ ያንቺ አገር ከዚህ ከፍ ይላል ካልሽ ለምን እንዲህ ያለ በረዶ የለም?» መልሱን እኔ ነገርኩት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ከቆምንበት ትበልጣለች። ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አትርቃትም፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ፀሐይ ታነሣዋለች። እዚህ ግን በክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ፣ ቀኑም አጥሮ ቅዝቃዜው ይከርማል። እውነትም ዳገቱን ስወጣ እኔ ሳለከልክ እማዬ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትንፋሿ ሳይዛባ ነው የወጣችው። ስድስት ወር ከቆላ በኋላ ደጋዋን ያገኘች መሰለኝ።

እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባት። «ይኼ ሁሉ ሲቀልጥ የት ይሄዳል?» አለች። የገበሬ ጥያቄ ነው። እዚህ አገር 12 ዓመት ስኖር ጠይቄው አላውቅም።

የማውቀውን ነገርኳት። ላስ ቬጋስ ማለት በስፓኒሽ «መስኮቹ» ማለት ነው። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በሚዘንብበት በረሃ መሀል መስክ የበቀለው በምንጮች ነበር። የምንጮቹ ውኃ ደግሞ ከዚሁ ተራራ በረዶ ነው፤ ቀልጦ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ፣ ከመሬት በታች ተጉዞ ሸለቆው ላይ ይፈልቅ ነበር። ከተማው አደገና ጉድጓድ በዛ፤ በ1962 ምንጮቹ መፍሰስ አቆሙ። ዛሬ የምንጠጣው 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛው የሮኪ ተራሮች በረዶ ነው።

እማዬ ቡናዋን ይዛ ጥዶቹን ስታይ ቆየች። «እንግዲያ ይኼ ዝናብ ነው» አለች። «ቀስ ብሎ የሚዘንብ ዝናብ።»

ስንነሣ ፔርሙሱን አጥባ በረዶ ሞላችበት። ምን ልታደርጊው ነው አላልኳትም። ልጄ ጭኗ ላይ ተኝቶ፣ ጥዱ አጭር ዛፍ ሆኖ፣ አጭሩ ዛፍ እሾህ ሆኖ፣ ወደ ቆላ ወረድን። ከተማ ስንደርስ 14 ዲግሪ ነበር።

በረንዳችን ላይ በማሰሮ የተከልናት ጤና አዳም አለች። ከሐምሌው ሙቀት በእማዬ እንክብካቤ ነው የተረፈችው። ኮቴን ሳላወልቅ ሄጄ አየሁ። እማዬ ጎንበስ ብላ የፔርሙሱን ውኃ ሥሯ ላይ ቀስ እያለች ታፈስስ ነበር።