የሞተ ያልኩት ፓምፕ አልሞተም ነበር

የጎልፍ መኪናዬ ቼክ መብራት (ሞተሩ ብልሽት ሲያገኝ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው) ከጠፋ ዛሬ አምስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ይህን ለመጻፍ ገና በሁለተኛው ሳምንት እጄን በልቶኝ ነበር። ባለፈው ጊዜ ግን "ገላገልኳት" ብዬ ካወራሁ በኋላ እንዴት እንዳፈርኩ ስለማስታውስ ታገስኩ።

መኪና መነካካት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ። ዘይት፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ... ሁላችሁም ያለፋችሁበት ስለሆነ እዘለዋለሁ። መኪናዋ ባለ 1.6 ቤንዚን ቮልስዋገን ጎልፍ 4 ናት። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አድራ ኮምቦልቻ ትውላለች፤ በመሀል ያለውን የሐረጎ ዳገት በየቀኑ ትወርዳለች፣ ትወጣለች።

መስከረም መጨረሻ ላይ መብራቱ በራ። ስካነር ሲሰካባት የብልሽት ኮዱ ፒ0411 አለ፤ ወደ ጭስ ማውጫው የሚገባው ተጨማሪ አየር ልክ አይደለም ማለት ነው። ይህን አየር የሚገፋው ፓምፕ ከነዳጁም ከውሃውም ፓምፕ ጋር አይገናኝም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ ነው። ሞተር በብርድ ሲነሳ ቤንዚን ያበዛል፤ ያልነደደው በጭሱ ይወጣል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ አጣሪ፣ ካታሊስቱ፣ ደግሞ ወደ 300 ዲግሪ ካልተጠጋ ሥራ አይጀምርም። ፓምፑ ንጹህ አየር ሲነፋበት የተረፈው ቤንዚን እዚያው ይነድና ካታሊስቱም ቶሎ ይግላል። አንድ ደቂቃ ከምናምን ሠርቶ ዝም ይላል፤ በቃ፣ የቀን ሥራው ይኸው ነው።

ጋራዥ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ "ንቀለውና ድፈነው።" እውነት ነው፣ ያለሱም ትሄዳለች። እኔ ግን አልወድም። ግቢያችን ጠባብ ናት፤ ጠዋት ሳስነሳት ጭሱ የሚገባው እናቴ ቡና የምታፈላበት በረንዳ ላይ ነው። ደግሞም ቼክ መብራት ሁልጊዜ ከበራ ነገ ሌላ ብልሽት ሲመጣ በምን ታውቃለህ? በ2016 የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን አሮጌ እየገነጣጠልን መጣል አይዋጥልኝም።

እንግዲህ ኑዛዜው እዚህ ይጀምራል። ፓምፑ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ኮምቦልቻ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ እንደቆመች ኮፈኗን ከፍቼ አስነሳኋት። ድምፅ የለም። በማግስቱም እንዲሁ። "ሞቷል" ብዬ ፈረድኩ። ያላሰብኩት ነገር ኮምፒውተሩ ፓምፑን በዋናነት የሚጠራው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ መሆኑን ነው። ጠዋት ከደሴ የመጣ ሞተር በኮምቦልቻ ሙቀት እስከ ምሳ ሰዓት የት ይቀዘቅዛል? ጠዋት ደሴ ላይ ደግሞ ሬዲዮ ከፍቼ በጥድፊያ ስለምወጣ ሰምቼው አላውቅም። ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፓምፕ በአውቶቡስ አስመጣሁ፤ ዋጋውን አልናገርም፣ እናቴም አታውቀውም።

ስገጥመው አንዲት የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ (የሞተሩ የመሳብ ኃይል የሚያልፍባት) እጄ ላይ ተሰበረች። ደርቃ ተሰነጣጥቃ ኖሯል። በአዲስ ላስቲክ ቀየርኳት፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ሌሊት አሳድሬ ጠዋት ሳስነሳት እንደ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን "ዉዉዉ" አለ። መብራቱ ጠፋ። ጉራዬን መገመት ትችላላችሁ።

የካቲት ላይ ያ ፓምፕ ጸጥ አለ። ፊውዙ ደህና ነው። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል ወይ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ አንድ አቋም አለኝ፦ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቴስተር ብቻውን አይታመንም። ይህ ፓምፕ ሲነሳ ከ30 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። የበሰበሰ ሽቦ በቴስተር 12 ቮልት ያሳይና ጭነት ሲመጣበት ይወድቃል። እኔ አሮጌ የፊት መብራት አምፖል ሽቦ አስሬለት የፓምፑ ሶኬት ላይ አስነካዋለሁ። ቦግ ካለ መስመሩ ደህና ነው፤ ከደበዘዘ ሽቦውን ፈልግ። የኔው ቦግ አለ። ጥፋቱ የፓምፑ ነው ማለት ነው።

ፈትቼ አፉን ወደ ታች ሳዘነብለው ቡናማ ውሃ ወረደ። አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያክል፣ ወላሂ።

የሰፈራችን አሮጌ መካኒክ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንለው፣ ያን ዕለት እኛ ቤት ለቡና ተቀምጦ ነበር። እናቴ አቦሉን ጀባ ስትለው ስኒውን እንደያዘ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየው። "ሌላ ላስመጣ ይሆን ሐጂ?" አልኩት። "አንተ ልጅ፣ ፓምፑን ተወው" አለኝ። "ውሃው ከየት መጣ?" ብሎኝ ወደ ቡናው ተመለሰ።

ሦስት ቀን ያስለፋኝ ይህ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የዝናብ ውሃ መሰለኝ፤ ያን ሰሞን የምን ዝናብ? በኋላ ነው የገባኝ፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ጭሱ ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ የሚከለክለው ኮምቢ ቫልቭ የሚሉት፣ በቫኪዩም ሲሳብ የሚከፈት መዝጊያ ነው። እሱ ካልዘጋ እንፋሎቱ በቱቦው ወደ ኋላ ይሄድና በደሴ ብርድ ሌሊቱን ፓምፑ ውስጥ ውሃ ይሆናል። ፓምፑ ተገድሏል እንጂ አርጅቶ አልሞተም።

ቫልቩን መፈተሻዬ ከፋርማሲ የገዛኋት ባለ 60 ሚሊ ሲሪንጅ ናት። ካሉኝ መሣሪያዎች ሁሉ አሁን የምወዳት እሷን ነው። ቫልቩን ፈትታችሁ በፓምፑ በኩል ባለው አፍ፣ ንጹህ ቱቦ ሰክታችሁ፣ በአፋችሁ ንፉ። ማለፍ የለበትም። (ቱቦ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እኔ በባዶ አፌ ነፍቼ ጥላሸት ከጥርሴ እስኪለቅ ሁለት ቀን ፈጅቷል።) ከዚያ ሲሪንጇን በቀጭኗ የቫኪዩም አፍ ሰክታችሁ ሳቡና ያዙ፤ አሁን ማለፍ አለበት። ልቀቁ፤ ተመልሶ መዘጋት አለበት። የኔው ሲሳብ ይከፈታል፤ ስለቀው ግን አየሩ ቀስ እያለ "ፍስስስ" ይላል። ውስጡን በእጅ ባትሪ ሳየው መዝጊያው የሚያርፍበት መቀመጫ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል የጥላሸት ቅርፊት ተቀርቅራለች።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ወለል አለልኝ። መስከረም ላይ የተበላሸችው ያቺ የተሰነጠቀች ቱቦ ብቻ ነበረች። ቫኪዩም ስለማይደርሰው ቫልቩ ተዘግቶ ቀረ፤ አየሩ መግቢያ አጣ፤ ኮዱ መጣ። መብራቱን ያጠፋው የገዛሁት ፓምፕ ሳይሆን የቀየርኳት ላስቲክ ናት። ተዘግቶ የከረመው ቫልቭ መከፈት ሲጀምር ደግሞ ጥላሸቱ ተነቅሎ መቀመጫው ላይ አረፈና አላስዘጋ አለው። በገዛ እጄ ጠግኜ በገዛ እጄ ገደልኩት።

ዕቃ ቤት ሄጄ "የሞተውን" የመጀመሪያውን ፓምፕ አወጣሁና በሁለት ሽቦ፣ መሀል ላይ ፊውዝ ገብቶበት፣ ከባትሪ ጋር አገናኘሁት። አገሳ። አራት ወር ሙሉ በጤናው መደርደሪያ ላይ ተኝቶ! አሁን መኪናዋ ላይ ያለው እሱ ነው። (ስትሞክሩ ከጥቂት ሰከንድ አታስበልጡ፤ ለረጅም ሥራ የተሠራ አይደለም።)

ቫልቩን በካርቦራተር ማጽጃ ስፕሬይ ዘፍዝፌ፣ ላስቲኩ ያለበትን ወገን ከፈሳሹ አርቄ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። አሁን ሲሪንጅ ሲለቀቅ ጭጭ ይላል። በጉልበት በካቻቢቴ መፋቅ የሚመክሩ አሉ፤ አትስሟቸው፣ መቀመጫውን ከጫራችሁት አበቃለት።

ውሃ የጠጣውንም ፓምፕ ከፈትኩት። ካርቦኖቹ (ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው መዳብ የሚያስተላልፉት) ቤታቸው ውስጥ በዝገት ተጣብቀው መዳቡን አይነኩትም ነበር። አላቅቄ፣ መዳቡን በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ዘንጉ ላይ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጌ፣ በሲሊኮን ዘጋሁት። ይዞራል፤ ግን ሲዞር የሆነ ፉጨት አለው። መለዋወጫ ነው ብዬ አስቀምጬዋለሁ፤ እናንተ ግን እንዲህ ያለውን ግጠሙት አልልም።

ሬዲዮውን ጠዋት ጠዋት አልከፍትም። ቁልፉን አዞርና "ዉዉዉ" ሲል እሰማለሁ፣ ሲቆም እወጣለሁ። ቫልቩ ግን የታጠበ እንጂ አዲስ አይደለም፤ ክረምቱን ይሻገራል ብዬ አልምልም። ለ1.6ቱ የሚሆን አዲስ ኮምቢ ቫልቭ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያየ ካለ ይንገረኝ፤ ያገለገለ ካልሆነ ብቻ።