የገንፎው እህል እና የደም ዓይነቴ

ወደ ዘጠነኛው ወር ገብቻለሁ። ግንፍሌ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሰሞኑን የታመሰ ገብስ ይሸታል፤ እናቴ ከጎረቤቶቻችን ጋር የገንፎዬን እህል ስታዘጋጅ ሰንብታለች። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የማይለኝ የለም፤ ምርቃቱ በእውነት ያበረታኛል።

ቦርሳዬን ግን ራሴ አዘጋጀሁ። ነጠላው፣ የሕፃኑ ልብስና ኮፍያው ከሥር፣ የክትትል ካርዴ ከሁሉም በላይ። የደም ዓይነቴ አርኤች ኔጋቲቭ ነው፤ ማለትም አርኤች የሚባለው ፕሮቲን ደሜ ውስጥ የለም፤ የልጄ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወለድኩ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ የሚባለውን መርፌ መወጋት አለብኝ፤ አለበለዚያ ለሚቀጥለው እርግዝና አደጋ ነው። እህቶቼ፣ የደም ዓይነታችሁን ሳታውቁ አትውለዱ!

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ደም ከመጣ ምጥ ሳንጠብቅ ሆስፒታል እንደምንሄድ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። መኪና ያላቸው ጎረቤታችን ጋሼም ሌሊት ስልካቸውን እንደማያጠፉ ቃል ገብተውልናል።