ለቮልሴ የሠራኋቸው ዕቃዎች

ቮልሴ በፈረንጅ የ1965 ሞዴል ናት። ሞተሯ 1200፣ ኤሌክትሪኳ 6 ቮልት። የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ገብተህ የቮልስ ዕቃ ስትጠይቅ መጀመሪያ ይስቁብሃል። ከዚያ ከጓዳ አንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ እሱም ካንተው የባሰ ያለቀ ነው።

ስለዚህ አንዳንዱን ዕቃ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ራሴ ስል ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ቶርኖ ቤት (ዕቃ በማሽን እያዞሩ የሚቀርጹበት) ማለቴ ነው።

ከማርሹ ልነሳ። የቮልስ ማርሽ ሲያረጅ ዱላው ገንፎ ውስጥ እንዳለ ማማሰያ ይዋልላል። ሁለተኛ ፈልገህ አራተኛ ታገኛለህ። ብዙ ሰው ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ይጠረጥርና ያስወርደዋል። ጥፋተኛዋ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቡሽንግ ናት። ከማርሹ ዱላ ከኋላ እስካለው ካምቢዮ፣ በወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ አለ። እሱን ደግፋ የያዘችው እሷ ናት። ደርቃ ስትሰባበር ዘንጉ የሚይዘው ያጣል።

ዘንጉን ለማውጣት ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ክዳን ተከፍቶ ማያያዣው ይፈታል። ዱላው ይነሳል። ከዚያ ዘንጉ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ይሳባል። ጀርመኖቹ ለዚሁ ሲሉ ፊት ለፊት ቀዳዳ ትተውለታል። ይህን ሳያውቁ ወለል የቀደዱ ሰዎች አይቻለሁ።

የቶርኖ ባለሙያው ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ልክ እንደ ናሙናው ይሥሩልኝ» ለሚላቸው ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፦ «ልክ እንደ ናሙናው ከሠራሁልህማ ያለቀ ዕቃ ሠራሁልህ ማለት ነው። ዘንጉን ራሱን አምጣ።» ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። ያረጀ ዕቃ ቅርጹን እንጂ ልኩን አይነግርህም። ልኩ ያለው አብሮት በሚሠራው ዕቃ ላይ ነው፣ ወይም ራሱ ዕቃው ላይ ሳይታሽ በቀረ ጠርዝ። አዲሷን ቡሽንግ ከናይለን ዘንግ ቆርጠው፣ ውስጧን ትንሽ ላላ አድርገው አወጧት። ናይለን እርጥበትም ሙቀትም ያሳብጠዋል። ጥብቅ ሆኖ ከተሠራ ማርሹ ይደርቅብሃል። ወደ መያዣዋ እንድትገባ ጎኗን በመጋዝ ሰነጠቅናት። ከዚያ ግሪስ ተቀብታ ገባች።

ወለሉ ከባዱ ሥራ ነበር። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ ለዓመታት ጠብ ሲል ላሜራውን ይበላዋል። ቮልስ ልትገዛ ከሄድክ ቀለሟን ተወውና መጀመሪያ ያንን ወንበር አንሳ።

ላሜራውን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አገኘሁት። እዚያ በርሜል ቀደው፣ ዘርግተው ይሸጣሉ። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለወለል ይሆናል። በርሜሉን ራሴ እቀዳለሁ የሚል ካለ ግን በእሳት እንዳይሞክረው። ነዳጅ የነበረበት ባዶ በርሜል ይፈነዳል።

የፋብሪካው ወለል ዝርግ አይደለም፣ ሸንተረሮች አሉት። ለጌጥ አይምሰልህ። ስስ ላሜራን የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው። ዝርጉን ብትበይድበት መንገድ ላይ ሲንኳኳ ይውላል። እኔ ወፍራም የወይራ ጣውላ ላይ ቦይ አስቆፈርኩ። ላሜራውን በላዩ ጠፍሬ አሰርኩ። ከዚያ ጫፉ የዶለዶመ መሮ ይዤ ቦዩን እየተከተልኩ ቀስ በቀስ መታሁት። በአንድ ዙር ልጨርስ ካልክ ላሜራው ይቀደዳል። ሌላም ነገር አለ፦ ሸንተረሩ ሲወርድ ጠርዙን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ላሜራው በልኩ የሚቆረጠው ከሸንተረሩ በኋላ ነው።

የተበላውን ከመቁረጤ በፊት አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩ። በሮቹን ዘግቼ መኪናዋን ከሥር ደገፍኳት፣ የበሮቹ ክፍተት እንዳይዛባ። ብየዳው በሲኦቱ (ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ በሚበይደው ማሽን) ሆነ። በተራ ኤሌክትሮድ ይህን የሚያህል ስስ ላሜራ መበየድ ቀዳዳ ማብዛት ነው። በጋዝ እሳት ደግሞ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ይጣመማል። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረግን ዞርነው። ከዚያ አንቲረስት፣ ከባትሪው ሥር ደግሞ የፕላስቲክ ትሪ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው፣ ራዲያተርም የላትም። ማራገቢያዋ ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ክፍተቶች አየር ስባ ሲሊንደሮቹ ላይ ትነፋለች። የሞቀው አየር በታች ይወጣል። ሞተሩን የከበቡት ላሜራዎችና ዙሪያቸውን የሚዘጋው ጎማ የሞቀው ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላሉ። በየጋራዡ ግን ሞተር በወረደ ቁጥር «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» እየተባለ ሲጣሉ ኖረዋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። የእንጦጦን ዳገት አስብ።

የጎደሉትን ላሜራዎች ከወዳጄ ቮልስ ላይ በካርቶን ልካቸውን ወስጄ ቆረጥኩ። ካርቶን ርካሽ ነው፣ ላሜራ ከመንካትህ በፊት እስኪገጥም ድረስ ቁረጠው። አንድ ነገር ልንገርህ፦ የሲሊንደሮቹን መሸፈኛ ላሜራ የግራውን ገልብጠህ ለቀኝ አታድርግ። ግራና ቀኝ ሲሊንደሮች በትክክል ትይዩ አይደሉም፣ አንዱ ወገን ትንሽ ቀደም ይላል። ለዙሪያው ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ላይ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በቀጭን ላሜራ ጠፍሬ አሰርኩት። ሙቀቱን ችሏል። ዘይት ግን አይወድም፣ ዘይት ከነካው ያብጣል። ስለዚህ አልፎ አልፎ እየዳሰስኩ አየዋለሁ፣ ሲያብጥ እቀይረዋለሁ።

ያልሠራሁትም አለ። የፍሬን ቱቦ፣ የፍሬን ሲሊንደር፣ የመሪ ጫፎች። እነዚህን ጎበዝ ነኝ ብሎ መሥራት ጀብደኝነት ነው። ደግሞም ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጅ እስከ 2003 ስትመረት ስለቆየች አዲስ ዕቃ ዛሬም ይሠራላታል። የእኔ በዘመድ ሻንጣ ከጀርመን መጣ።

አሁን የሹፌሩ በር ማጠፊያ ቀርቷል። ፒኑ ስለተበላ በሩ ወርዷል። ቀዳዳውን አስፍቶ ወፈር ያለ ፒን ማስገባት ይበቃል። ጋሼን ሳማክራቸው ምን እንደሚሉ አስቀድሜ አውቄ ነበር፦ «በሩን ራሱን አምጣ።» በር የሚጭን ታክሲ እየፈለግኩ ነው።