ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ሁለት መጥሪያዎች

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። የዋስትና ደብዳቤ የሚጻፈው፣ የደመወዝ ማረጋገጫ የሚሰጠውና የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚደርሰው በዚሁ ክፍል በመሆኑ፣ ሠራተኛው ከአበዳሪ ጋር ሲጋጭ ጉዳዩ ውሎ አድሮ ወደ እኛ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር የመጣው ግን በዕድሜው ከለመድነው ሁሉ የተለየ ነበር። አነስተኛ ብድር የሚሰጥ አንድ ተቋም፣ በ1999 ዓ.ም. በቡድን ተደራጅተው ገንዘብ የወሰዱ ሰዎችን በየራሳቸው መዝገብ አንድ በአንድ ከሷቸው ኖሮ፣ ከተከሳሾቹ ሁለቱ የእኛ ሠራተኞች ሆነው ተገኙ፤ አንደኛዋ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ እናት፣ ሁለተኛው የመጋዘን ጥበቃ ባልደረባችን ናቸው።

ከመጥሪያው ቀድሞ የደረሰን የተቋሙ ደብዳቤ ነበር። የሁለቱን ሠራተኞች ስም ጠቅሶ፣ ከእያንዳንዳቸው ደመወዝ ግማሹ በየወሩ እየተቆረጠ ለተቋሙ ገቢ እንዲደረግ በጥብቅ ያሳስባል። የፋይናንስ ክፍል ኃላፊያችን ለሠራተኛው የሚያስቡ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲያዩ መፈጸሙ ይቀናቸዋልና «ጣጣ ውስጥ ከምንገባ ቆርጠን ብንልክላቸው አይሻልም?» አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59ን አውጥቼ አብረን አነበብነው። አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ በጠቅላላው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። የአበዳሪ ደብዳቤ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ይህንኑ ጠቅሰን መልስ ጻፍን፤ ኃላፊውም ፈረሙበት። በእኔ እምነት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸውን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው አንድም ቀን ችሎት ሳይቆም ደመወዙ ይነካል።

መጥሪያው ሲመጣ ምክሩም አብሮ መጣ። በሠራተኛው ክበብ የሚነገረው «አትቀበሉ፤ ካልፈረማችሁ ክስ የለም» የሚል ነበር። ከተቋሙ በስልክ የሚመጣው ደግሞ «አምስት መቶ ብር ብቻ ክፈሉና የመክፈያ ስምምነት ፈርሙ፤ ክሱን እናነሳዋለን» ይላል። ሁለቱም ቅን ምክር ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ተከሳሹን ገደል የሚከቱ ናቸው። መጥሪያ አልቀበልም ያለ ሰው ከክሱ አያመልጥም፤ መጥሪያ አድራሹ እምቢታውን ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል፣ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ተከሳሹ በሌለበት ሊያይ ይችላል። የአምስት መቶ ብሩ ነገር ይበልጥ የረቀቀ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት ሕጉ በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ግዴታ በአሥር ዓመት ይርጋ፣ ማለትም በሕግ የተወሰነው የክስ ማቅረቢያ ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል፤ ቆጠራው የሚጀምረውም ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። ነገር ግን በቁጥር 1851 መሠረት ተበዳሪው ዕዳውን ካመነ፣ በተለይም ወለዱን ወይም ከዕዳው ከፊሉን ከከፈለ፣ ይርጋው ይቋረጣል፤ ከዚያም አዲስ ቆጠራ ይጀምራል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የተፈረመ የመክፈያ ስምምነትም ቢሆን ከሳሽ ያልነበረውን መከራከሪያ በእጁ ያስገባለታል።

ይህን ለሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስረዳኋቸው። ባልደረባችን ዝም ብሎ ሰማኝና «እስቲ አስብበታለሁ» ብሎ ወጣ። እኚያ እናት ግን ተቀምጠው ቀሩ።

«ልጄ፣ የሰው ገንዘብ ወስጄ ጊዜው አልፏል ብዬ ልከራከር? ፈጣሪስ ምን ይለኛል?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሰው የሕግ ቁጥር መጥቀስ መልስ አይሆንም፤ የተበደሩትን መመለስ ከልጅነታቸው ጀምሮ የኖሩበት ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ሕጉ ከመናገሬ በፊት ስለ ብድሩ ጠየቅኋቸው። ገንዘቡን የወሰዱት በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት ሲሆን፣ ሽንኩርትና ድንች እየቸረቸሩ በየወሩ ይከፍሉ ነበር። ባላቸው ታመው ክፍያው ቢጓተትም፣ የመጨረሻውን ገንዘብ በጥሬው ለቡድኑ ሰብሳቢ ሰጥተው ደብተራቸው ላይ ማኅተም እንደተመታላቸው በእርግጠኝነት ያስታውሳሉ። ሰብሳቢዋ ካረፉ ቆይተዋል። ደብተሩን በማግስቱ በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። የአቃቂ ወንዝ በአንድ ክረምት ሞልቶ ቤታቸው ሲገባ ከሌላው ዕቃ ጋር ርሶ ኖሯል፤ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ የማኅተሙ ወይን ጠጅ ቀለም በወረቀቱ ላይ ፈስሶ ደርቋል፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚነበበው የአንድ ቀን ቁጥርና የአንድ ፊርማ ግማሽ ብቻ ነው።

በክሱ ላይ የተያያዘው የተቋሙ የሒሳብ መግለጫ ግን ንጹሕ ነበር። የመጨረሻው ክፍያ በሐምሌ 2001 ዓ.ም. እንደተፈጸመ፣ ከዋናው ገንዘብ 2,340 ብር እንደቀረ፣ ወለድና መቀጫ ሲታሰብበትም ከ19,000 ብር በላይ እንደደረሰ ያሳያል። «እናቴ፣» አልኳቸው፣ «ይህ ሕግ የወሰደውን እንዲክድ ለሰው የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። አበዳሪው መዝገቡን በመደርደሪያ አኑሮ ከአሥር ዓመት በላይ ዝም ካለ በኋላ ሲመጣ፣ የከፈለ ሰው ደረሰኙን ከየት ያመጣል? ምስክሩስ ከመቃብር ይነሣል? ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሰው የቆመ ነው።» ደብተሩን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉትና «እንግዲያው መልሱ ይጻፍ» አሉ።

እኔ ጠበቃ ስላልሆንኩ መከላከያ መልሱን የጻፉላቸው በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ባለሙያ ናቸው። የእኔ ድርሻ ወረቀቶቹን ማሰባሰብ፣ ኮፒ ማስነሣትና መልሱ በመጥሪያው ላይ ከተጻፈው ቀን ሳያልፍ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መግባቱን መከታተል ነበር። ባለሙያዋ አንዱን ነገር ደጋግመው አስገነዘቡን፦ ይርጋ አለፈ የሚለው ክርክር በራሱ የሚሠራ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 መሠረት ዳኛው በራሳቸው አነሣሽነት ይርጋን ማንሣት አይችሉም፤ ዕዳው ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም ተከሳሹ ካልተናገረ እንዳልተባለ ይቆጠራል። መነሣት ያለበትም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት፣ በመጀመሪያው አጋጣሚ ነው፤ በጊዜው ያልተነሣ መቃወሚያ እንደተተወ ይታሰባል። ስለዚህ የመልሱ የመጀመሪያ አንቀጽ ስለ ይርጋ ሆነ። የውሉ ዘመን ካበቃበት ከጥቅምት 2000 ዓ.ም. ቢቆጠር ጊዜው በ2010 ዓ.ም. እንዳለፈ፣ ከሳሽ ራሱ ባቀረበው መግለጫ መሠረት ከመጨረሻው ክፍያ፣ ከሐምሌ 2001 ዓ.ም. ቢቆጠርም በ2011 ዓ.ም. እንዳለፈ፣ ክሱ ግን የቀረበው በ2016 ዓ.ም. መሆኑ በሁለቱም ስሌት ተጻፈ። መቃወሚያው ቢታለፍ ደግሞ ተከሳሿ ከፍለው የጨረሱ መሆናቸው በአማራጭ ተገለጸ፤ የረጠበው ደብተርም በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

በክርክሩ ቀን የከሳሽ ነገረ ፈጅ በ2009 ዓ.ም. የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልከናልና ይርጋው ተቋርጧል አሉ። ዳኛዋ ደብዳቤው ለተከሳሿ መድረሱን የሚያሳይ ነገር እንዳለ ጠየቁ፤ አልነበረም። ከዚያም ቢደርስ እንኳ በባለገንዘቡ በኩል ይርጋን የሚያቋርጠው ክስ ማቅረብ እንጂ ደብዳቤ መጻፍ እንዳልሆነ ተናግረው ለብይን ቀጠሩ። ብይኑ የተሰጠው በየካቲት ሲሆን፣ ክሱ በይርጋ የታገደ ነው ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ከሳሽ ይግባኝ የማለት መብቱ ቢጠበቅለትም አልተጠቀመበትም።

የባልደረባችን መዝገብ ሌላ መንገድ ሄደ። ብድሩን የወሰደው በዚያው ወር፣ በዚያው ቡድን ውስጥ ሆኖ ነው፤ የመጨረሻ ክፍያውም በዚያው ዓመት የተመዘገበ ነው። እሱ ግን የክበቡን ምክር ይዞ መጥሪያውን አልቀበልም ብሎ ነበር። ጉዳዩ በሌለበት ታየና፣ ይርጋን የሚያነሣ ሰው በችሎቱ ስላልነበረ፣ ሙሉውን ገንዘብ ከነወለዱ እንዲከፍል ተፈረደበት። እኛ ያወቅነው የአፈጻጸም ትእዛዙ ለፋብሪካው ሲደርስ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ባለሙያዋ ወሰድነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 መሠረት በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ስለሚችል፣ ማመልከቻው በጊዜው ገባ። ነገር ግን ሕጉ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት ይጠይቃል፤ መጥሪያው ቀርቦለት እምቢ ማለቱ በመዝገቡ ላይ ስለተጻፈ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

አሁን ከደመወዙ አንድ ሦስተኛው በየወሩ ይቆረጣል። ይህኛው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነውና አንቀጽ 59 አይከለክለውም፤ የተቀናሽ ዝርዝሩን አዘጋጅቼ የምፈርመውም እኔ ነኝ። ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፤ በሕግ ሊጠየቅበት የማይገባ ገንዘብ ሲከፍል ማየት እጅግ ያሳዝነኛል።

እኚያ እናት ከብይኑ በኋላ ግልባጩን አስወጥተው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሁለት የቀድሞ የቡድኑ አባላትን ፈልገው አገኙ። ሁለቱም መጥሪያ ደርሷቸው ምን እንደሚያደርጉ ግራ ተጋብተው ነበር፤ መልስ የማቅረቢያው ቀን ግን ገና አላለፈም። ሁለቱንም ራሳቸው ይዘው ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሄዱ፤ የሁለቱም መልስ፣ ይርጋው በመጀመሪያው አንቀጽ ተጽፎ፣ በቀኑ ገባ።