«ሁሉን ያነባል» ተብዬ የገዛሁት ቴፕ

እህቴ ከሪያድ አይፖድ ላከችልኝ። ክላሲክ የሚባለው፣ ፊቱ ላይ በጣት የሚዞር ክብ ያለው። አዲስ አይደለም፣ የራሷ ነበር። አይፖድ እኮ ራሱ የቀረ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፣ ክላሲኩ በ2014 ቆመ፣ የመጨረሻው ዓይነት ደግሞ በ2022። «ስልክ እያለህ እሱ ምን ይሠራልሃል?» ያላለኝ ሰው የለም። ስልኬ መንዙማ መሃል ይጠራል፣ ባትሪውም አይበረክትም። ዋናው ግን አይፖዱ ውስጥ ያለው ነው። እህቴ በስደት ስንት ዓመት ስታጠራቅም የኖረችው ሁሉ እዚያ አለ፤ መንዙማው፣ የማሪቱ ለገሰ አምባሰል፣ ባቲው፣ ትዝታው፣ ከካሴት የተገለበጠ የሰርግ ዘፈን ሳይቀር። ሁሉንም ደግሞ በራሷ ቅደም ተከተል ደርድራዋለች።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጉሙ ሲጥል ከፊትህ ያለው አይሱዙ የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የሚታይህ፣ ኩርባው ደግሞ አለቀ ስትለው ይጀምራል። እዚያ ላይ «ዘፈን ልምረጥ» ብሎ ዓይንን ከመንገድ ማንሳት ጨዋታ አይደለም። ይሄ ነገር መጨረሻ ላይ ምርጫዬን የወሰነው ስለሆነ ያዙልኝ።

አይፖዱን መኪናዬ ውስጥ ለማጫወት መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን መንገድ ነው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ፣ ዘፈኑን በኤፍኤም የምታስተላልፍ ትንሽዬ ዕቃ አለች፤ እሷን ገዛሁ። መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት፣ በቀጥታ ከጃፓን የመጣች። አብሯት የመጣው የጃፓን ሬዲዮ ኤፍኤሙ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያበቃል። የእኛ አገር ጣቢያዎች ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ናቸው። ዕቃዋም የምታስተላልፈው በእኛው ነው። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙባት ከ87.5 እስከ 90 ያለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ሆነች። ደሴ ከተማ ውስጥ ምንም አልልም፣ ትሠራ ነበር። ሐረጎ ላይ ግን አንዱን ኩርባ ስታጠፍ ጥርት ይላል፣ ሌላውን ስታጠፍ ሌላ ጣቢያ ዘው ይላል። አንድ ቀን እማማ አጠገቤ ተቀምጣ መንዙማው ሰለዋት ላይ ሲደርስ የሳሙና ማስታወቂያ ገባበት። «አስተግፊሩላህ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በማግስቱ ዕቃዋን ነቅዬ ጣልኳት።

ከዚያ ደሴ ፒያሳ ወርጄ አዲስ የመኪና ቴፕ ገዛሁ። ከባለ ሱቁ ጋር የተነጋገርነው ይችን ብቻ ነው።

«ዩኤስቢ አለው?»

«አለው።»

«አይፖድ ያነባል?»

«ወንድሜ፣ ሁሉን ያነባል። አብሽር!»

አበሸርኩ። አይፖዱ ኪሴ ውስጥ ነበር እኮ! አውጥቼ «እስቲ ሰክተህ አሳየኝ» ለማለት ምን እንደያዘኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። መኪናዬ ላይ አስገጥሜ ስሰካው አነበበ፣ ውሸት አልተናገረም። ግን ማሪቱ ጀመረች፣ ቀጥሎ የሰርጉ ዘፈን መጣ፣ ከዚያ በአምስት የተከፈለው መንዙማ ሦስተኛው ክፍል፣ ከዚያ ትዝታ፣ ከዚያ የመንዙማው አንደኛ ክፍል። የቴፑ መስኮት ላይ የሚታየው ስም ደግሞ ትርጉም የሌለው አራት የላቲን ፊደል ነው። ቴፑ ተበላሽቷል ብዬ መልሼ ወሰድኩት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ መለጠፉን ያየሁት ያኔ ነው።

ቴፑ አልተበላሸም ነበር። ነገሩን ያስረዳኝ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤቴ ነው። ፍላሽ ስትሰካ ቴፑ ፎልደሩንና ፋይሉን አንተ በሰጠኸው ስም ያገኘዋል። አይፖድ ግን ዘፈን ሲጫንበት በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይበትነዋል፣ የፋይሉንም ስም በአራት ፊደል ይቀይረዋል። የትኛው የማን እንደሆነ፣ ስንተኛ ላይ እንደሚመጣ የሚያውቀው ለብቻው የተቀመጠ መዝገብ ነው። አይፖድን የሚያውቅ ቴፕ ከአይፖዱ ጋር ተነጋግሮ በመዝገቡ ይሄዳል። የማያውቀው እንደ ፍላሽ ቆጥሮ ያገኘውን ያጫውታል። እኔ እንኳ እድለኛ ነኝ፤ አይፖዱ የተሞላው በማክ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ቴፕ ያንንም አያገኝም። እንግዲህ «ዩኤስቢ አለው» እና «አይፖድ ያነባል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ላይ የገጠመልኝ ልጅ ጉድ ሠራኝ። የጃፓን ቶዮታዎች የቴፕ ቦታ ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የተለመደው ቴፕ 180 ገደማ ነው። ክፍተቱን የሚሞላ የጎን ላስቲክ ይሸጣል፣ ዋጋውም ምንም አይደለም። ልጁ ግን ካርቶን ጠቅጥቆ ሸኘኝ። በሦስተኛው ቀን ኩርባ ላይ ቴፑ ተንሸራትቶ እስከ ገመዱ ወጣ። ሌላም አለ። መኪናዬን ባጠፋሁ ቁጥር ቴፑ ሁሉን ይረሳል፣ ሰዓቱን፣ የያዝኩትን ጣቢያ፣ የቆመበትን ዘፈን። ቢጫውና ቀዩ ገመድ ተቀያይሮ ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ መብራት የሚያገኝ ነው፣ የቴፑን ትዝታ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚያገኝ። ጥቁሩ ሻንሲ ላይ የሚታሰር። ይችን ብቻ ብታውቁ ከግማሹ ጭቅጭቅ ትድናላችሁ።

በዚህ መሃል ያዳነኝ ኦክስ ነው። ያው ቀዳዳ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ጃክ የሚገባበት። ኦክስ ስለ ፎልደር አያውቅም፣ ድምፅ ተቀብሎ ያወጣል፣ በቃ። ስለዚህ የእህቴ ቅደም ተከተል ተመለሰልኝ። ሁለት ችግር ግን አለው። አንደኛው፣ ዘፈን መቀየር የምትችለው ከራሱ ከአይፖዱ ነው። ያን ክብ በአውራ ጣት እያዞሩ፣ ትንሿን መስኮት እያዩ፣ ሐረጎን መውረድ? አላህ ይጠብቀን። ሁለተኛው የቻርጅ ነገር ነው። አይፖዱን ሲጋራ መለኮሻው ላይ ቻርጅ እያደረግኩ በኦክስ ሳጫውት ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ነዳጅ ስሰጥ ይወጣል፣ ስለቅ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሼ ስወርድ ሞተሩ ስለሚጮህ ፉጨቱም አብሮ ከፍ ይልና የማሪቱ አምባሰል ላይ ማሲንቆ የጨመሩበት ይመስላል። ስፒከሩ ነው ብዬ አንዱን ስፒከር አስፈታሁ፣ የዋህ ነኝ። ለካ ድምፁ የዲናሞው ነው። አይፖዱ በቻርጀሩም በኦክሱም በሁለት መንገድ ከመኪናው ሻንሲ ጋር ሲታሰር ዙሪያውን የሚዞር ብጥብጥ ይፈጠራል። ቻርጀሩን ስነቅለው ጸጥ አለ። መሃል ላይ የምትገባ ማጣሪያ ትሸጣለች፤ እኔ ግን ማታ ቤት ቻርጅ ማድረግን መረጥኩ።

አይፖድ የሌላችሁ «ምን አገባን» እንዳትሉ። ሚኒባስ የሚነዳ ጓደኛዬ የቻይና ማጫወቻ አለው። እሱንም ቴፑ አላውቅህም አለው። ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢ ምርጫ አለ፤ ኤምቲፒ የሚለው ላይ ከሆነ ብዙ ቴፕ አያየውም። እንደ ፍላሽ ወደሚያሳየው ቀየርንለት፣ ገባ። ከዚያ ደግሞ 64 ጊጋ ሚሞሪ ከተተበትና እንደገና ጠፋ። ከ32 በላይ የሆኑት ሚሞሪዎች ከፋብሪካ የሚመጡት ኤክስፋት በሚባለው አደራደር ነው፣ የድሮ ቴፖች የሚያነቡት ፋት 32 ብቻ ነው። ፎርማት ተደርጎ ሠራ። ባቲ ከተማ ያለው ዘመዴ ነገርማ ለብቻው ነው። አይሱዙው 24 ቮልት ነው፣ ቴፑ 12። ዝም ብለው አገናኙለት። ሽታው እስከ ሰኞ ገበያ ድረስ አልለቀቀውም፣ መቀነሻ መግዛት ነበረበት።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ አይፖዱን ከነገመዱ ይዤ፣ ቻርጁንም ሞልቼ። እሳቸው ጠረጴዛ ላይ አንድ የመኪና ባትሪና አንድ ሽፋን የሌለው ስፒከር አለ።

«አያ፣ ሳልሞክር አልገዛም» አልኳቸው።

«ሞክራ! ያልሞከረማ ተመልሶ የሚጨቀጭቀኝ እኔን ነው» አሉኝ።

ሦስት ቴፕ አወረዱልኝ። አንደኛው ፊቱ ላይ ዩኤስቢ አለው፣ አይፖዱን ቻርጅ አደረገና ዝም አለ። ሁለተኛው አነበበ፣ ግን ከአንዱ ዘፋኝ ወደ ሌላው ለመሄድ ቁልፉን አንድ በአንድ መጫን ነው። ሺህ ዘፈን ባለበት ይሄ ቅጣት ነው። ሦስተኛው አሮጌ ነው፣ ፊቱ ተጭሯል፣ «ሜድ ፎር አይፖድ» የሚል ጽሑፍ አለበት፣ ከኋላው ደግሞ የአይፖዱን ሰፊ ባለ 30 እግር መሰኪያ የሚቀበል ገመድ ወጥቷል። ሰካሁት። ዘፋኝ፣ አልበም፣ ዝርዝር ብሎ ከፋፈለልኝ። ትልቅ የሚዞር ቁልፍ አለው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት፣ እጄ አገኘው። ቀዩን ገመድ ከባትሪው ነቅዬ መልሼ አገናኘሁ፣ የመንዙማው ሦስተኛ ክፍል ካቆመበት ቀጠለ። ሽማግሌው ሳቁብኝ። «ሚስት እንኳ እንዲህ አትመረጥም» አሉ።

ባለ ትልቅ ስክሪን የቻይና ቴፕም ነበራቸው፣ ያምራል። ግን በጣት የሚነካ ስክሪን ጉም ውስጥ፣ ኩርባ ላይ፣ ሳያዩ አይነካም። አሮጌውን ወሰድኩ። ዋጋው ከመጀመሪያው ቴፕ ያነሰ ነበር፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ቀርቶ ነበር። እህቴ ዝርዝሮቹን ኮምፒውተር ላይ ስታዘጋጅ ስማቸውን በግዕዝ ፊደል ነው የጻፈችው። ቴፑ ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ የዝርዝሮቹን ስም በላቲን ፊደል ቀየርኩ። «ለእማማ» የሚለውን ብቻ እንዳለ ተውኩት። አሁን ቁልፉን ሳዞር ከላቲኑ መሃል አራት ሳጥን ብቅ ይላል። እማማም ለምዳዋለች፤ ከደሴ ገና እንደወጣን ቀበቶዋን ታስርና «እስቲ አራቱን ሳጥን ክፈትልኝ» ትለኛለች።