ለአጎቴ ቬስፓ ክሮቼራ ፍለጋ

አጎቴ ከአዲስ አበባ ደውለው «አንቺ ልጅ፣ የተሠራበት አገር ተቀምጠሽ ለእኔ ቬስፓ አንድ ክሮቼራ ይታጣል?» አሉኝ። ለእኔ ክሮቼራ ማለት የካርዳን፣ ማለትም ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ ነው። ቬስፓ ደግሞ ካርዳን የለውም። ዝም አልኩና «እሺ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት።

ጋራዣቸው ውስጥ ቁልፍ እያቀበልኩ ነው ያደግሁት። ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ የሚባሉትን የጣልያንኛ ቃላት ሁሉ አማርኛ መስለውኝ ተማርኳቸው። ጣልያን የገባሁ ሰሞን ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ መጠየቅ ያስጨንቀኝ ነበር፤ በጋራዥ ደጅ ሳልፍ ግን ግማሹ ወሬ ይገባኛል። አሁን ፍሎረንስ ውስጥ አንዲት አረጋዊት ሲኞራ እንከባከባለሁ። የአጎቴን ጉዳይ ሳጫውታቸው፣ ሟቹ ባለቤታቸው ቬስፓውን የሚያሠራበት ሰው ፖንቴዴራ እንደሚገኝ ነገሩኝና አድራሻውን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጻፉልኝ። እረፍቴ ሐሙስ ከሰዓት ስለሆነ፣ ምሳቸውን አብልቼ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ።

ወደ ፒሳ የሚሄደው ባቡር በኤምፖሊ በኩል አልፎ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ፖንቴዴራ ይደርሳል። ቱሪስቱ ወደ ዘመመው ግንብ ሲቀጥል እኔ ወረድኩ። ቬስፓን የሚሠራው የፒያጆ ፋብሪካና ሙዚየሙ ከጣቢያው በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ሙዚየሙ ድሮ የፋብሪካው የመሣሪያ ክፍል የነበረ አዳራሽ ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ልቆይ ብዬ ገባሁ፤ አልሆነም።

ፒያጆ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በቦምብ ፈራርሶ ሰላም ሲመጣ፣ ኤንሪኮ ፒያጆ ሕዝቡ በርካሽ የሚጓጓዝበት ነገር ፈለገ። መጀመሪያ የተሠራው ሙከራ ፓፔሪኖ ይባላል፤ መሀሉ ላይ የተነሳ ጉብታ ስላለው እግር አያሳልፍም። ከዚያ ሥራው ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ተሰጠ። ሰውየው የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነው፤ ሞተርሳይክል ደግሞ አይወድም። ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማ ሲፈነዳ መቀየር ጣጣ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ ሰንሰለቱን አስቀረ፣ ሞተሩን ሸፈነ፣ ማርሹን እጀታው ላይ አወጣው። የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው። ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ ላሜራው ራሱ ሻሲ ነው። ፒያጆ አይቶ «ተርብ ይመስላል» አለ፤ ቬስፓ ማለት ተርብ ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻው የገባው ሚያዝያ 23 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያው ሞተር 98 ሲሲ ነበር። ቀሚስ ለብሼ ስለመጣሁ ያ ክፍት የእግር ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

በ1951 እ.ኤ.አ. በሰዓት 171 ኪሎ ሜትር የሮጠውን ቶርፔዶ መሳይ ቬስፓ አየሁ፤ ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ የፈረመበትንም እንዲሁ። ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። የ1948ቱ አፔ፣ ማለትም «ንብ»፦ ከፊቱ ቬስፓ፣ ከኋላው ባለሁለት ጎማ ጭነት ማድረጊያ። ባጃጅ! የህንዱ ባጃጅ በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ስኩተርና ባለሦስት ጎማ ይሠራ ነበር። ሐዋሳ ላይ ዋጋ ስከራከርበት የኖርኩት ነገር አያት እዚህ ተወልውላ ቆማለች። ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ላክሁ። «ክሮቼራውስ?» ብለው መለሱ።

ሲኞራዋ የነገሩኝ ባለሙያ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። የአንድ 150 ሲሲ ቬስፓ አካል ገልብጠው ጨርቅ በተጠቀለለ ማግኔት ይዳብሱታል። የሚይዘው ላሜራ ነው፤ የማይዘው ስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ መድፈኛ ልጥፍ። መጀመሪያ የሚበላው የእግር መርገጫው ነው፤ ውሃ ከታች ይገባና ከውስጥ ይዝጋል። ብዙ ሰው ቀለሙን በአሸዋ ግፊት ያስገፍፋል፣ ሲበረታበት ግን ቀጭኑ ላሜራ እንደ ቆሎ ምጣድ ይረግባል አሉኝ። ከእስያ አብረቅርቀው የሚመጡ ቬስፓዎች ያናድዷቸዋል፤ ከሥራቸው ሁለት የተለያየ አካል ተበይዶ ያገኙበት ጊዜ አለ። ጥግ ላይ አንድ ወጣት ያመጣት ፕሪማቬራ የምትባል ባለ 125 ሲሲ ቬስፓ ነበረች፤ ደብዛዛ ጥቁር ተቀብታ፣ ሲሊንደሯ ወደ 130 አድጎ። «ፍሬኑ ግን ያው የ125 ነው» አሉና ምራቃቸውን ዋጡ። እኔ ግን ቆንጆ መስላኛለች፤ አልተናገርኩም።

ክሮቼራ ስላቸው ተነስተው አመጡልኝ። ትንሽ መስቀል ናት፤ የማርሹ ዘንግ ውስጥ እየተንሸራተተች በክንዶቿ አንዱን ጥርስ ትይዛለች። ጫፏ ሲደንዝ ጋዝ ሲሰጥ ማርሹ ይዘላል። የአጎቴ ሁለተኛ ማርሽ በትክክል ይሄው ነው። «ባለሦስት ወይስ ባለአራት ማርሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ደወልኩ።

«ሦስት ነው፣ ምን ማለት ነው?»

የአካሉን ቁጥር ፎቶ አስላክሁ፦ ቪቢቢ ይላል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቪቢቢ ባለአራት ማርሽ 150 ነው። የሞተሩን ቁጥር አስላክሁ፦ ቪኤንቢ። የ125 ሞተር! ጋሼ መጨረሻ ላይ አመኑ፤ ዋናው ሞተር ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተቃጥሎባቸው ይሄኛውን ሶማሌ ተራ አግኝተው ነው። ሠላሳ ዓመት ለማንም አልተነፈሱም።

ሽማግሌው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። «እስካሁን ይሄዳል?» አሉ። ይሄዳል አልኳቸው። ባለሦስቱን ክሮቼራ በወረቀት ጠቀለሉና ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) እና የዘይት ማገጃ ጎማዎች ጨመሩበት። ክሮቼራ ለመቀየር ሞተሩ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም፤ ከተከፈተ ደግሞ ያረጀ ጎማ መመለስ ሞኝነት ነው፤ በእሱ በኩል አየር ከገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶኑ ይጣበቃል። ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሂሳቡ ከደርሶ መልስ ትኬቴ ብዙም አልበለጠም።

ልወጣ ስል ስለ ቀለሙ ጠየቁኝ። ታክሲ ሰማያዊ ነው፤ ጎረቤት ላዳውን ሲያስቀባ የተረፈውን አጎቴ ወስደው የቀቡት። የድሮው ቀለም ምን እንደነበር ለማወቅ የቤንዚን ጋኑን አንስተው ከሥሩ እንዲያዩ ንገሪያቸው አሉኝ፤ እዚያ ድረስ ወርዶ የሚቀባ ሰው የለም።

ኤምፖሊ ላይ ባቡር ውስጥ ሆኜ ፎቶው ደረሰኝ። በአቧራና በዘይት መሀል፣ የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ይታያል። ከሥሩ ጋሼ ጽፈዋል፦ «አየሁት። ያምራል። ሰማያዊው ግን ይቆይ፤ የሰፈር ልጆች በእሱ ነው የሚያውቁኝ።»