አዌቱ ዳር ያለው ቤት

የአያቴ ቤት አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። አዌቱ ጅማን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ሞልቶ አጥራችን ድረስ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ድምፁን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ቤቱ የጣልያን ጊዜ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ የየመን ነጋዴ ገባበት። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጎተራ ለቡናው መጋዘን ሆነ። ባለፈው ዓመት የጎተራውን ወለል ልናድስ ጣውላውን ስናነሳ፣ ከሥሩ እንደ ጠጠር የደረቀ ጥቁር የቡና ፍሬ አገኘን። አንድ እፍኝ ይሆናል። አልጣልነውም።

ነጋዴው ለምን ጅማ እንደመጣ ለማወቅ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወደቆመው ቤተ መንግሥት መሄድ ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውን ራሳቸው አስተዳደሩ። ከ50 ዓመት በላይ ነው የነገሡት። በዚያ ሰላም የጅማው የሂርማታ ገበያ ደራ፣ ከሩቅም ከቅርብም ነጋዴ ጎረፈ። የኛው የመናዊ የመጣው እነዚያ ነጋዴዎች በከፈቱት መንገድ ነው።

ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አገሩ ሲመለስ ቤቱን ለወንድ አያቴ ሸጠለት። ብዙም ሳይቆይ የሐምሌ 1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ጎተራው ተወረሰ። አያቴ ያንን ቀን እስክትሞት ድረስ አልረሳችውም። እኔ ግን በአዋጁ ምክንያት የገባችውን ሰው እወዳታለሁ። አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት።

ሲስተር ለቀበሌ ኪራይ እየከፈለች ጎተራው ውስጥ ለብዙ ዓመት ኖረች። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ፋኖስ ይዛ በዝናብ ትወጣለች። ድልድዩን ተሻግራ ትሄዳለች፣ ሲነጋ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ትመለሳለች። እናቴ ምጥ ሲይዛት ግን ግቢውን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እኔን የተቀበለችኝ እሷ ናት።

የአባ ጅፋር ዕቃ ጅማ ሙዚየም ውስጥ በክብር ተቀምጧል፣ ደስ ይላል። የሲስተር ዕቃ እኛ ጋ ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው። መሃሉ በመቀመጥ ብዛት ለስልሷል። በረንዳው ላይ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ እሱ ላይ እቀመጣለሁ።